35 ዶላር በወር፣ ምስጋና ክልክል ነው

ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ?

እኔ ዕድሜዬን የሰው ሂሳብ ስመረምር የኖርኩ ኦዲተር ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ስለ ልቦለድ መጻፍ ያንቺ ሥራ ነው ወይ ብትሉኝ፣ አይደለም። ግን ባለፈው ወር አንዲት ልጅ ሳሎኔ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ አንድ የድሮ መጽሐፍ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ልጅቷ የአንዲት የድሮ ባልደረባዬ ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት ሜሪላንድ ያለው አጎቷ «የእሷ ትምህርት የእኔ ነው» አለ። ቃሉንም አላጠፈም። ወር በገባ በሦስተኛው ቀን ብሩ ይደርሳል። ዘንድሮ ልጅቷ ጎበዝ ሆና ከምትማርበት ኮሌጅ የግማሽ ክፍያ ነጻ ዕድል አገኘች። ደስ ብሏት ደወለችለት። አጎትየው መጀመሪያ ዝም አለ። ቀጥሎ «እኔ ምን አጎደልኩብሽና ነው የሰው ምጽዋት የምትቀበዪው?» አላት። ስልኩ ተዘጋ።

«እትዬ፣ ውለታ ቢስ ነኝ እንዴ?» አለችኝ።

ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ነበር። ምን ልበላት? አጎትየውን አውቀዋለሁ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ሁለት ሥራ እየሠራ፣ እንቅልፉን እየሸጠ ነው የሚልከው። እሷም ውለታ ቢስ አይደለችም። መልስ ሲጠፋኝ ተነሳሁና ከመደርደሪያዬ አንድ ቀጭን፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አምጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩ። «ዳዲ ሎንግ ሌግስ» ይላል። ገለጥ ገለጥ አድርጋ «ፈተና ላይ ነኝ እኮ» ብላ መለሰችልኝ። እውነቷን ነው። እኔው ራሴ የዚያኑ ዕለት ማታ አነበብኩት። ከአርባ ዓመት በላይ አልፎ ሁለተኛዬ መሆኑ ነው።

ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። መጽሐፉ የወጣው በፈረንጆቹ 1912 ነው። የጻፈችው ጂን ዌብስተር የምትባል አሜሪካዊት ናት። ባለታሪኳ ጀሩሻ አቦት ትባላለች፤ 17 ዓመቷ ነው። ያደገችው ጆን ግሪየር በሚባል የሕፃናት ማሳደጊያ ነው። ስሟን ያወጡላት የማሳደጊያው ኃላፊ ናቸው። የአባት ስሟን ከስልክ ማውጫ የመጀመሪያ ገጽ፣ የራሷን ስም ከመቃብር ድንጋይ ላይ ነው ያገኙት። ኮሌጅ እንደገባች ይሄን ስም ጥላ «ጁዲ» ነኝ አለች።

በዚያ ማሳደጊያ ወር በገባ በመጀመሪያው ረቡዕ የቦርድ አባላት ለጉብኝት ይመጣሉ። ወለሉ ይወለወላል። 97 ልጆች ታጥበው፣ ተበጥረው፣ ቁልፋቸው ተቆልፎ፣ ሲጠየቁ ምን ብለው እንደሚመልሱ ተነግሯቸው ይሰለፋሉ። ጁዲ ስለዚያ ረቡዕ አንድ የሚያሾፍ ድርሰት ጽፋለች። አንዱ የቦርድ አባል ድርሰቱን ሰምቶ ሳቀና ኮሌጅ ላስተምራት አለ። ደራሲ ይወጣታል ብሎ ነው።

ውሉ ይገርማል። የኮሌጁን እሱ ይከፍላል። ለእሷ በወር 35 ዶላር የኪስ ገንዘብ ይሰጣታል። በምትኩ በወር አንድ ደብዳቤ ትጽፍለታለች። ስለ ገንዘቡ ግን ማመስገን የለም፤ እንዲነሳበት አይፈልግም። ስለ ትምህርቷና ስለ ውሎዋ ብቻ፣ እናት አባት ቢኖሯት እንደምትጽፍላቸው አድርጋ ትጽፍለት። ስሙ ጆን ስሚዝ ነው ተባለች፤ እውነተኛ ስሙ ግን አይደለም። መልስም አይጽፍም። በዓይኗ ያየችው ጥላውን ብቻ ነው። ሊወጣ ሲል የመኪና መብራት ግድግዳው ላይ የወረወረው፣ እጅና እግሩ የተንዛዛ ጥላ። በአገራቸው እግሯ ረጅምና ቀጭን የሆነ ሸረሪት መሳይ ፍጥረት አለች። በእሷ ስም «ዳዲ ሎንግ ሌግስ» ብላ ጠራችው፤ «ባለ ረጅም እግሩ አባባ» እንደማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መጽሐፍ በሙሉ የጁዲ ደብዳቤ ነው። መሃል መሃል ላይ ልጅ የሞነጫጨረው የሚመስል ሥዕል አለ፤ የሣለችው ራሷ ደራሲዋ ናት።

መጀመሪያ ያነበብኩት በ1977 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ተማሪ እያለሁ ነው። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ በሁለት ብር ገዛሁት። ያኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው ማነው? ሌላውን እየዘለልኩ ነው የሮጥኩት። መጨረሻ ላይ የዶርም ጓደኛዋ የጁሊያ ሀብታም አጎት፣ ጁዲ የወደደችው ጀርቪስ ፔንድልተን መሆኑ ሲገለጥ አልጋዬ ላይ ዘለልኩ። ምስጢሩን አወጣሽብን ብላችሁ እንዳትቆጡ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ምስጢር ነው።

በ62 ዓመቴ ሳነበው ግን ዘልዬ ያለፍኩት ሁሉ ያዘኝ።

ለምሳሌ የገና ስጦታዎቹ። ሰውየው ለገና የወርቅ ሳንቲም ላከላት። ጁዲ ወጥታ ለራሷ ሰባት ዕቃ ገዛች፤ ሰዓት፣ የግጥም መጽሐፍ፣ የሙቅ ውሃ መያዣ ጎማ፣ ብርድ ልብስ፣ የጽሕፈት ወረቀት፣ መዝገበ ቃላት፣ አንድ ጥንድ የሐር ስቶኪንግ። ከዚያ ካሊፎርኒያ ካሉት ቤተሰቦቼ በሣጥን ተልኮልኝ ነው ብላ ለራሷ አወራች። ሰዓቱ ከአባቴ፣ ብርድ ልብሱ ከእናቴ፣ የሙቅ ውሃው ጎማ ብርድ እንዳይመታኝ ከምትጨነቀው አያቴ እያለች አከፋፈለችው። ስቶኪንጉን የገዛችበትን ምክንያት ግን አልደበቀችም። ጁሊያ ማታ ማታ ሂሳብ ልትሠራ ወደ ክፍሏ ስትመጣ እግሯን አጣጥፋ የምትቀመጠው በሐር ስቶኪንግ ነው። በቃ፣ ቀንታ ነው።

በ20 ዓመቴ ይሄን አላየሁትም። እኔም ወላጅ አልባ ሆኜ ሳለሁ አላየሁትም። ምናልባት ለዚያ ይሆናል።

ወይም የመጻሕፍቱን ነገር ውሰዱ። ጁዲ ኮሌጅ ስትገባ ሌሎቹ ልጆች በእንቅልፍ ልባቸው የሚያውቁትን አታውቅም። ሼርሎክ ሆልምስን ሰምታ አታውቅም። ማይክል አንጄሎ ሲባል የመላእክት አለቃ መስሏት ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት። (እኔም ብሆን ከሚካኤል ጋር ነው የማዛምደው።) «ሊትል ዉሜን»ን ሳታነብ ያደገች በኮሌጁ እሷ ብቻ እንደሆነች ስታውቅ ለማንም አልተናገረችም። ከኪስ ገንዘቧ 1 ዶላር ከ12 ሳንቲም አውጥታ ገዝታ አነበበችው። ኦዲተር ስለሆንኩ ነው መሰለኝ፣ ያቺን 12 ሳንቲም ወደድኳት። ያሳፈረሽ ነገር ስንት ያወጣል ተብላ የተጠየቀች ይመስል ዋጋውን እስከ ሳንቲሙ ጻፈችው።

እኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ልጆቹ ቅዳሜ ማታ «አምባሳደር ነበርን» ሲሉ እሰማ ነበር። ትልቅ ባለሥልጣን ዘመድ ያላቸው መሰለኝ። ሲኒማ ቤት መሆኑን ያወቅኩት ከሦስት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ «አምባሳደሩ ደህና ናቸው?» ብዬ አለመጠየቄ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው። አዲስ ቦታ ገብታችሁ ሁሉም የሚያውቀውን የማታውቁ እናንተ ብቻ ስትመስሉ፣ ጁዲ ያደረገችውን አድርጉ። ቀን ክፍል ገብታ፣ ማታ በሯን ዘግታ አራት መጽሐፍ ባንድ ጊዜ ታነብ ነበር። የመጀመሪያው የፈተና ውጤት ሲመጣ ግን ሂሳብና ላቲን ወድቃለች። ይሄንንም ለሰውየው ጻፈችለት። አላለባበሰችም።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የራሴን ደብዳቤዎች ያስታወሰኝ ይሄ ነውና።

እኔ በ1966ቱ ክፉ ቀን ወሎ ላይ ወላጆቼን ያጣሁ ነኝ። ያደግኩት በማሳደጊያ ነው። ወጪዬን የሚሸፍኑልኝ ውጭ አገር ያሉ ባልና ሚስት ነበሩ። በዓመት ሁለቴ እንጽፍላቸዋለን። «እንጽፍላቸዋለን» አልኩ እንጂ፣ የጽሕፈት ቤቱ ሰው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ እኛ እንገለብጣለን። «እንደምን ከርማችኋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» ሰዎቹን አይቻቸው አላውቅም። የምን ናፍቆት? ከዚያ ምስጋናው ይቀጥላል፤ ስለ ደብተሩ፣ ስለ ጫማው፣ ስለ ብርድ ልብሱ፣ በየመስመሩ። ባዶ በቀረው ቦታ ላይ እጃችንን ዘርግተን በእርሳስ እንዞረዋለን። ፈረንጆቹ ይወዱታል ተብሎ ነው። 13 ዓመት ሲሞላኝ ሰውየው እጄን አየና «ይሄ እኮ የአዋቂ እጅ ነው» አለኝ። አንዱን የስድስት ዓመት ማሙሽ ጠርቶ የእሱን እጅ በእኔ ወረቀት ላይ አዞረው። እኔ ስሜን ጻፍኩበት።

አሁን ገባችሁ? የጁዲ ሰውዬ ብዙ ነገር አጥፍቷል፤ እመጣበታለሁ። አንድ ነገር ግን በትክክል አድርጓል። ምስጋናውን ከደብዳቤው አወጣው። ምስጋናው ሲወጣ ለእውነቱ ቦታ ተገኘ። ጁዲ ኮሌጅ ከገባች ገና ዓመት ሳይሞላ የጻፈችውን እዩ። መልስ አትሰጠኝም፣ ከእነዚያ አስጠሊ የቦርድ አባላት ሁሉ የባስክ አንተ ሳትሆን አትቀርም ብላ ጽፋ ላከችለት! ወዲያው ታማ ተኛች፤ ከሕመም አልጋዋ ይቅርታ ጠየቀችው። እሱም የጽጌረዳ እንቡጥ ከአጭር ካርድ ጋር ላከላት። በሕይወቷ ያገኘችው የመጀመሪያ እውነተኛ ስጦታ እሱ ነው አለች። ተኝታ አለቀሰች። የምስጋና ደብዳቤ ብቻ ብትጽፍ ኖሮ ያ አበባ አይመጣም ነበር።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ፤ ሙያዬ ነው። አንድ ቀን ስለ ባርኔጣ ሱቅ በአድናቆት ጻፈችለት። ሰውየው ወዲያው የ50 ዶላር ቼክ ላከ። መለሰችው። መለመኔ አልነበረም፣ ከሚያስፈልገኝ በላይ ምጽዋት አልፈልግም አለችው። ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ጉብዝናዋ ኮሌጁ የሁለት ዓመት የምግብ፣ የመኝታና የትምህርት ወጪ የሚሸፍን ስኮላርሺፕ ሰጣት። ሰውየው አትቀበዪ አለ። አያችሁት? ሜሪላንድ ያለው አጎት በ1912ም ነበረ።

ጁዲ ምን ብላ እንደመለሰች ደጋግሜ አነበብኩት። አልቀበልም አትበለኝ፣ ካስቸገርከኝ የወር ገንዘብህንም ትቼ ደካማ ተማሪ እያስጠናሁ እኖራለሁ አለችው። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረች። የተረፈህን ገንዘብ ለሌላ ከዚያው ማሳደጊያ ላለች ልጅ አታደርገውም? ስድብ የለበትም። ልመናም የለበትም። ወጪው የተቀነሰለት ሰው ገንዘቡን የት እንደሚያውለው የምታሳይ ልጅ ናት። በመጨረሻ የመጀመሪያ መጽሐፏ ውድቅ ሆኖ፣ አቃጥላው፣ ሌላ ጽፋ ሲሸጥላት የ1,000 ዶላር ቼክ ላከችለት። ዕዳዋን መክፈል ጀመረች ማለት ነው።

አሁን ስለ ሰውየው። ጀርቪስ ፔንድልተን ከጁዲ በ14 ዓመት ይበልጣል። በአጎትነት ስም ኮሌጅ መጥቶ ሻይ ይጠጣል። ጁዲ ስለዚያ ሻይ ለ«አባቷ» ትጽፋለች፤ የሚያነበው ራሱ ነው። በክረምት የጓደኛዋ የሳሊ ቤተሰብ ጋብዘዋት ልትሄድ ስትል በጸሐፊው በኩል «አይሆንም፣ ወደ እርሻው ሂጂ» የሚል ትእዛዝ መጣ። ምክንያት የለም። ሳሊ ቆንጆ ወንድም አላት፤ ምክንያቱ እሱ ነው። ጁዲ ይሄን አታውቅም፤ አንባቢው ግን ሲደግመው ያውቃል። በ20 ዓመቴ ቅናቱ ፍቅር መሰለኝ። ዛሬ ግን የአንዱ ወገን መዝገብ በሙሉ ተከፍቶ የሌላው ወገን የተቆለፈበት ሂሳብ ነው የማየው። መጨረሻ ላይ ይጋባሉ፤ ዕዳው በጋብቻ ተሰረዘ። እኔ ብመረምረው ኖሮ አላሳልፈውም ነበር።

ይህን ስል መጽሐፉን ጣሉት ማለቴ አይደለም። ደራሲዋ የገንዘብና የዝምድናን ነገር ታውቀዋለች ብዬ አምናለሁ። ማርክ ትዌይን የእናቷ አጎት ነበር። አባቷ ደግሞ የማርክ ትዌይን አሳታሚ ሆነ። ሥራና ዝምድና ተቀላቀለ፤ አላማረም። አባቷ በ1891 ሲሞት እሷ 14 ዓመቷ ነበር። ቫሳር ኮሌጅ ገብታ በ1901 ተመረቀች። እዚያ ኢኮኖሚክስ ስትማር ነው የድሆች ልጆች ማሳደጊያዎችን ዞራ ያየችው። ጁዲ በአንድ ደብዳቤዋ ሴት ዜጋ ናት ወይ ብላ ትቀልዳለች። ጂን ዌብስተር በ1916፣ በ39 ዓመቷ፣ ሴት ልጅ በወለደች ማግስት ሞተች። የአሜሪካ ሴቶች በመላው አገሪቱ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1920 ነው። አልደረሰችበትም። በ1915 ያወጣችው ተከታይ መጽሐፍም አለ፤ ሳሊ ያንን ማሳደጊያ ስትለውጠው ነው የሚተርከው። እሱን ስታነቡ ግን ስለ ዘርና ውርስ የሚያወራው ላይ ዓይናችሁን ክፈቱ። የዘመኑ ክፉ ሐሳብ ገብቶበታል።

ጃፓኖች ይሄን መጽሐፍ እጅግ ይወዱታል። ወላጅ ያጡ ልጆችን የሚያስተምር «አሺናጋ» የሚባል ድርጅት አላቸው። ስሙ «ረጅም እግር» ማለት ነው፣ ከዚሁ መጽሐፍ የተወሰደ። ከሰሃራ በታች ካሉ የአፍሪካ አገሮችም ወላጅ ያጡ ተማሪዎችን ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ይልካል። መጽሐፉን ማንበብ ከፈለጋችሁ ደግሞ የባለቤትነት መብቱ ጊዜው ስላለፈ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ታገኙታላችሁ። እንግሊዝኛው ቀላል ነው።

ልጅቷን በሳምንቱ ደወልኩላት። «አጎትሽ ጋር አትደውዪ፣ ጻፊለት» አልኳት። «በምስጋና አትጀምሪ። አመስግነሽዋል፤ ያውቀዋል። ምን በልተሽ እንደዋልሽ ጻፊ። የወደቅሽውን ፈተና ጻፊ። ከማን ጋር እንደምታጠኚ፣ የዶርሙ ቧንቧ ስንት ቀን ውሃ እንደማይመጣበት። ሰውየው ከሁለት ሥራ መልስ ብቻውን ነው የሚገባው። አንቺን የሚያውቅሽ በክፍያ ደረሰኝ ነው። መጨረሻ ላይ ስኮላርሺፑን እንደምትቀበዪና ለምን እንደሆነ ንገሪው። የሚተርፈውንም ብር ለታናሽሽ አድርግላት በዪው።»

«ቢቆጣስ?»

«ይቆጣል። ይቆጣና ያነበዋል።»

ስልኳ ላይ አራት ገጽ ያህል ጻፈች። አሳየችኝ። ስለ ቧንቧው ያለችው በጣም ያስቃል። ከላከች አሥራ አንድ ቀን ሆነ። ሁለቱ ጭረቶች ሰማያዊ ሆነዋል፤ መልስ የለም። የወሩ ብር ግን በሦስተኛው ቀን ደረሰ፣ ሳይጎድል።

ትናንት መጥታ ነበር። ማሙሹን፣ የእጁንም ነገር ነገርኳት። ሳቀች። ከዚያ «እትዬ፣ የእርስዎ ፈረንጆችስ መልሰው ያውቃሉ?» አለችኝ።

አንድ ጊዜ መልሰዋል። ካርድ ነው፤ በረዶ የተጫነው ቤት አለበት። የጽሕፈት ቤቱ ሰው ቆሞ ወደ አማርኛ እየመለሰ ያነብልኝ ጀመር። ሰላምታውን ጨረሰና ቆም አለ። የቀረውን ቀስ እያለ አነበበው። የአምናውንና የዘንድሮውን እጅሽን ጎን ለጎን አድርገን አየነው ይላሉ። አላደገም፤ እንዲያውም አንሷል። ታመሽ ነው ወይ? ምግብ አይበቃሽም ወይ? ጻፊልን።

ሰውየው ካርዱን አጥፎ ሰጠኝ። አላየኝም። በሚቀጥለው የደብዳቤ ቀን ማሙሹን አልጠራውም። የራሴን እጅ ዘረጋሁና እርሳሱን ያዝኩ። ወረቀቱ ጠበበኝ፤ አውራ ጣቴ ከጠርዙ አልፎ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። እርሳሱም ተከትሎት ሄደ።